«ወፍ የለም» በመዝገበ ዕውቀት የራሱ ገጽ ይገባዋል?

ጥያቄዬ አጭር ነው። በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ «ወፍ የለም» ለሚለው አባባል ራሱን የቻለ ገጽ ቢከፈትለት ይበዛበታል? እኔ አይበዛበትም ባይ ነኝ።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ዳር ስትኖር አባባሉን ከጠዋት እስከ ማታ ትሰማዋለህ። ታክሲ ሲጠፋ፣ ቧንቧው አየር ብቻ ሲተፋ፣ መብራት ሄዶ ሲያመሽ፣ ከሱቅ ዘይት ሲያልቅ። መዝገበ ቃላት «ምንም የለም» ብሎ በአንድ መስመር ሊፈታው ይችላል። ግን አይበቃም። «የለም» ያለህ ሰው ዕቃው አለመኖሩን ነገረህ፣ አበቃ። «ወፍ የለም» ያለህ ሰው ግን ፈልጌያለሁ፣ ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ ቁርጤንም አውቄያለሁ፣ አንተም እግርህን አታድክም እያለህ ነው። ብድር ጠይቀኸው «ወፍ የለም» ካለህ ደግሞ ኪሱ ባዶ ላይሆን ይችላል። አልሰጥህም ማለቱ ነው። ከተጣላው ዘመዱ ሠርግ ትሄዳለህ ወይ ብለኸው እንዲሁ ካለህ፣ ሞቼ እገኛለሁ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ሥራ በሁለት ቃል ነው የሚሠራው። ከተሜው ሳያስበው ይጠቀምበታል። አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ እንግዳ ግን ሰማይ ሰማይ እያየ ወፍ ሊፈልግ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንድ ገጽ ቢዘጋጅለት ምን ይለናል? ሐሳባችሁን ጣሉበት።

መልሱ በአንዴ ጎረፈ። ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲቀለው የተባባልነውን እዚሁ በየቁጥሩ እተርካለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ስድቡንም ዘልያለሁ። አንዷን ብቻ አልዘለልኳትም፤ እሷ ከሌለች የመሀሉ ጭቅጭቅ ከየት እንደመጣ አይገባችሁም።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ የካ አባዶ ነው የምትኖረው። ተስማማች። እናቷ ሰባ ያለፉ፣ በቤታቸው የመንገድ ቋንቋ የማያስነግሩ ሴት ናቸው። ልጆቹ «ፈታ በል» ሲባባሉ እንኳን ቆጣ ይሉ ነበር። አሁን ግን ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እያስቀመጡ ሽንኩርት «ወፍ የለም» የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ቃሉ እሳቸው ዘንድ ከደረሰ ወደ መዝገቡ ለመግባት የቀረው ነገር የለም ባይ ናት። ማስረጃ አይደለም፣ ግን ደስ አለኝ።

2. በጨዋ አንደበት የተቃወመ ሰው መጣ። መዝገበ ዕውቀት ስለ ነገሩ ይጽፋል፣ መዝገበ ቃላት ስለ ቃሉ ይጽፋል፤ ሁለቱን አናምታታ አለ። ውክፔዲያ መዝገበ ቃላት አለመሆኑ በደንቡ ተጽፎ ይገኛል። ለቃላት ሲባል ነው በ2002 እ.ኤ.አ. ዊክሽነሪ የተከፈተው፤ የአማርኛ ክፍልም አለው። አባባሉ እዚያ ይግባ፣ ማንም አይከለክለውም ብሎ ወንድሜ እያለ ተሰናበተኝ።

3. ቁጥር 2ን ደግፎ አንድ ነገር ጨመረ። ችግሩ የቃሉ ክብር ማነስ አይደለም፣ የምንጭ ጉዳይ ነው አለ። አንድ ርዕስ ገጽ የሚገባው፣ ከጉዳዩ ገለልተኛ የሆኑ ሰዎች በታተመና በሚታመን ቦታ በቂ ነገር ሲጽፉበት ነው። ታክሲ ተራ ላይ ሰማሁ ማለት አያዋጣም። አዲስ ጥናት ራስህ ሠርተህ እዚያ መለጠፍም ክልክል ነው። ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት ክርክሮች ሁሉ ዞረው ዞረው እዚሁ ነጥብ ላይ ነው የሚጋጩት።

4. ምንጩን ፈልጎ ሲያጣ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ ብሎ ቀለደ። አባባሉን በራሱ በአባባሉ መለሰው ማለት ነው። ከዚህ በታች የመጡ ሰዎች ይችኑ ቀልድ እንደ አዲስ ደጋግመው አመጧት። እነሱን በቁጥር አልጠራቸውም።

5. ረጅሙና ጠቃሚው መልስ ይኼ ነው። ጸሐፊው የ«ኦኬ»ን ታሪክ አመጣ። ኦኬ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ሰፊ ገጽ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የታየው ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት የተባለ ጋዜጣ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ጋዜጠኞች ሆን ብለው ፊደል እያሳሳቱ ምሕፃረ ቃል መፍጠር ጨዋታቸው ነበር። «ኦኬ»ም «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል አሳስቶ የማሳጠር ቀልድ ነው። ብዙዎቹ ቀልዶች ሞቱ፤ ይቺ ተረፈች። በ1840 ምርጫ የፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ደጋፊዎች ከትውልድ ቦታው ስም የወጣ ቅጽል ስሙን አሳጥረው ኦኬ እያሉ ቀሰቀሱበት። ቃሉ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። የጸሐፊው ነጥብ ቀላል ነው። የመንደር ቀልድ ነው ተብሎ የተናቀ ነገር የዓለም ቃል ሊሆን ይችላል።

6. ቁጥር 5ን አመስግኖ፣ ግን ወሬውን በግማሽ ነው ያቆምከው አለው። ያንን ቀን ማን አገኘው? አለን ዎከር ሪድ የሚባል የቋንቋ ምሁር ነው። የአሮጌ ጋዜጣ ክምር እያገላበጠ፣ ያገኘውን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሳተመ። ገጹ የቆመው በዚያ ሰው ልፋት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ወመዘክር ገብቶ አቧራ የሚያራግፍ ማነው ብሎ ጠየቀ። ለጥያቄው መልስ ሳይጠብቅ፣ አዲስ ዘመን ውስጥ አትድከሙ የሚል ምክር አከለ። የመንግሥት ጋዜጣ የመንገድ ቋንቋ አይጽፍም ነበር። መፈለግ ያለበት ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ በኋላ እንደ አሸን በፈሉት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ነው፤ በተለይ በቀልድና በስፖርት ዓምዶቻቸው። ይህን ምክር አስምሩበት። በክሩ ውስጥ ከተሰጡት ሁሉ የሚሠራበት ምክር እሱ ነው።

7. የስዋሂሊው «ሃኩና ማታታ»ም ገጽ አለው ብላ መጣች። ሁለት ተራ ቃላት ናቸው፤ ችግር የለም ከማለት አይዘሉም። ግን ዲዝኒ በ1994 እ.ኤ.አ. አመልክቶ በ2003 አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገባቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቃሉ የእኛ ነው ያሉ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲኖር ገጽ ለመጻፍ ቀላል ነው። እኛ እንግዲህ ማንም ሳይወስድብን እንጻፈው ነው የምትለው። ቀልዷን ይሁን ምሯን አልታወቀኝም።

8 እና 9. አንዱ ተስማምቻለሁ፣ ሌላው አልተስማማሁም። ሁለቱም ምክንያት የላቸውም።

10. እዚህ ጋ ነገሩ ወደ አራዳ ሄደ። መላሹ ከመንገድ ቃል ገጽ የሚገባው ካለ «አራዳ» ነው አለ። ለምን ቢባል ቦታ አለው፣ ታሪክ አለው፣ ምንጭ አለው። አራዳ በምኒልክ ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ነው። ጣልያን ሲገባ ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ስሙ ግን እዚያው ቀረ፤ አሁንም ክፍለ ከተማው አራዳ ይባላል። ገበያ አካባቢ ያደገ፣ ዓይኑ የተከፈተ፣ የማይሸወድ ልጅ የአራዳ ልጅ ተባለ። ከዚያ ቃሉ ሰፈሩን ጥሎ ጠባይ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

11. ይኼኛው ሳያስበው እሳት ለኮሰ። የመንገድ ቋንቋ የመሀል ከተማ ልጅ ሀብት ነው፤ ዳር ያላችሁት ከሬዲዮ ሰምታችሁ ነው የምትደግሙት አለ። ስለዚህ ቦሌ አራብሳ ቁጭ ብሎ ስለ «ወፍ የለም» መጻፍ አይመጥንም ባይ ነው። እኔን መሆኑ ነው።

12. ከለገጣፎ የሚጽፍ ሰው በትዕግሥት መለሰለት። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ቀጥሎ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ያ ሁሉ ነዋሪ የት የገባ መሰለህ አለው። ደጃች ውቤ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ዛሬ አራብሳ ነው፤ የካዛንቺስ ሰው ገላን ጉራ ነው። ሰው ሲነሳ ሶፋውን ብቻ አይደለም የሚጭነው፤ አነጋገሩንም ይጭናል። የመሀል ከተማ ቋንቋ ዛሬ ማን ጋ እንዳለ መፈለግ ከፈለግህ አውቶቡስ ያዝና ና አለው። ለኔ ከክሩ ሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው መልስ ይኼ ነው። ጎረቤቴ አራት ፎቅ በጀሪካን ውኃ እያወጣ የሚቀልደው ቀልድ የፒያሳ ቀልድ ነው። ቤቱ ፈርሷል። ቀልዱ አልፈረሰም።

13. አልዘልልም ያልኳት ስድብ ይቺ ናት፦ «ፋራ»። 13 ቁጥር 12ን ፋራ አለው። ጨርሶ ሌላ ነገር አልጻፈም።

14፣ 15 እና 16. የሚነበብ አይደለም። አንዱ የሌላውን ሰፈር፣ ሌላው የአንዱን ፊደል ግድፈት እያነሱ ተሞሻለቁ። በመሀል ግን 15 አንድ ትክክለኛ ነገር ተናገረ። «ፋራ» የሚለው ቃል ራሱ በመዝገበ ዕውቀት መግባት ካለበት፣ ማን ለማን እንደሚለው አብሮ መጻፍ አለበት። ከመሀል ወደ ዳር የሚወረወር ቃል ነው። ከዳር ወደ መሀል ተወርውሮ ሰምቶ አያውቅም። እኔም አልሰማሁም።

17. ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ ነው። ልጆች እያሉ ነው የሚጽፉት። ከእሳቸው በኋላ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፣ ቢያንስ ለትንሽ ጊዜ። ስለ መዝገበ ቃላት ሥራ አወጉን። የግእዙን መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሳይጨርሱ አለፉ። ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ጨረሱበት፤ እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. አረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው አደራውን ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት። ደስታ የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አወጡ። አንድ መጽሐፍ ሦስት ሰው በላ ማለት ነው።

መምህሩ ይህን የተረኩት ሊያስፈሩን አልነበረም። እናንተ አንድ ገጽ ለመጻፍ ነው የምትጨቃጨቁት፣ ጻፉትና ሌላው ያርመው ነው ያሉት። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ቃል ስትመዘግቡ የሰማችሁበትን ቀን፣ ቦታና አፍ አብራችሁ መዝግቡ፤ ያለዚያ ወሬ ነው የምታከማቹት አሉ።

18. ጋሼ እድሜ ይስጥልን የሚሉ በርካታ ምስጋናዎች እዚህ ተጠቃለዋል። 13 ሳይቀር አመስግኗቸዋል።

19. የመምህሩን ወሬ ተከትሎ፣ ከመንገድ ቋንቋ በፊትም የተደበቀ ቋንቋ ነበረን ያለች የቋንቋ ተማሪ መጣች። ነጋዴው የራሱ፣ አዝማሪው የራሱ የምሥጢር አነጋገር ነበረው። ዎልፍ ሌስላው እነዚህን ሰብስቦ በ1964 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟቸዋል። ስለዚህ ምሁር እንዲህ ዓይነት ነገር አይነካም የሚል ሰው ካለ ስልሳ ዓመት ዘግይቷል ባይ ናት። ቁጥር 2ን ነው የወጋችው፣ ስሙን ባትጠራም። እሱ ግን ምሁር አይነካም አላለም ነበር። ፍትሕ ለማድረግ ያህል ነው።

20. አባባሉ ከየት መጣ የሚለው ወሬ ተከፈተ። ይኼኛው «ወፍ ዝር አይልም» ከሚለው ነባር አነጋገር አጥሮ የመጣ ነው አለ። ያስኬዳል።

21 እና 22. አንዱ ከአዳኞች፣ ሌላው ከቁማር ጨዋታ ነው አሉ። ሁለቱም አያቴ ነገሩኝ ነው ማስረጃቸው። 22 እንዲያውም አያቱ ቁማር አይጫወቱም ነበር ብሎ ራሱ ራሱን አፈረሰ። ገጹ ቢጻፍ የመነሻ ታሪክ የሚለው ክፍል ባዶ ቢቀመጥ ይሻላል። የፈጠራ ታሪክ አንዴ ከገባ ማውጣት አይቻልም፤ ነገ ጋዜጣው ከውክፔዲያ ይገለብጠዋል፣ ከነገ ወዲያ ውክፔዲያ ጋዜጣውን ምንጭ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

23. ወፍ ከተነሳ አይቀር ብሎ አንዱ ስለ ወፍ በሽታ ጠየቀ። ወንድሙ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ የሚያውቅ ባለመድኃኒት ጠቁሙኝ ይላል። ከርዕሳችን ጋር ምን እንዳገናኘው አትጠይቁኝ።

24. ጣፎ አካባቢ አውቃለሁ ያለ ሰው ወዲያው ሊጠቁመው ተነሳ።

25. የጤና ባለሙያ የሆነች ሴት ቆጣ ብላ ገባች። የዓይን ቢጫ መሆን የጉበት ነገር ነው፤ ሌላም መንስኤ ሊኖረው ይችላል። ምርመራ ይፈልጋል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ በቅጠል ጊዜ አታቃጥሉ አለች። 24ን በደንብ ነው የቀጣችው። ከርዕስ ውጭ ቢሆንም ይኼን መልስ አድሚኑ እንዳያጠፋው ለምኛለሁ።

26. ወንድምየው ሄዷል፣ እየታከመ ነው ብሎ ጠያቂው ተመልሶ አሳወቀ። ተመስገን።

27. ይኼኛው ደግሞ ቃል በቃል ወሰደው። ወፍ ተመልካች ነው፣ ሥራውም ይሁን ትርፍ ጊዜው አልነገረንም። ወፍ የለም የምትሉት አቃቂን ሳታዩ ነው ብሎ ጀመረ። በከተማዋ ደቡብ ዳር፣ አቃቂና አባ ሳሙኤል ረግረግ ላይ፣ በጋው ሲገባ ከሰሜን የሚመጡ ረጃጅም እግር ወፎች በመንጋ ይሰፍራሉ። አባ ሳሙኤል የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የነበረበት ግድብ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር ሌላ አገር የማይገኝ፣ ምንቃሩ ቁልቁል የተቆለመመ ወፍም በየግቢያችን ሣር ላይ ሲለቅም ይውላል። ሲነሳ ጩኸቱ ሰው ይቀሰቅሳል። ለክርክሩ የሚጠቅም ነገር የለውም። ግን ደስ የሚል መልስ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የሚያነቃኝ ጩኸት የማን እንደሆነ አውቄያለሁ።

28. የታክሲ ረዳት ነበርኩ ያለ ሰው ከአያት ጻፈ። ባቡሩ የሚያልቀው አያት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው በሚኒባስና በቅጥቅጥ ነው የሚጓዘው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ ይጠማዘዛል ይላል። ሴትየዋ ፌስታል ሙሉ ዳቦ ይዛለች፣ ተማሪው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አዙሯል፣ ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል። ተራ አስከባሪው ከሰልፉ ፊት ይቆማል። መኪና ካለ መዳፉን አንስቶ አምስት፣ አራት እያለ ይቆጥራል። ከሌለ ግን አይጮህም። ሁለት እጁን ኪሱ ይከትና አንገቱን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ ቃሉን ይላል። ያን ጊዜ ከሰልፉ ኋላ ያለው ሦስት አራት ሰው ዝም ብሎ በእግሩ ይጀምራል። ማንም አይሳደብም። ጸሐፊው እንደሚለው «ታክሲ የለም» ቢል ኖሮ ለምን የለም፣ መቼ ይመጣል የሚል ጥያቄ ይዘንብበት ነበር። «ወፍ የለም» ሲል ግን ጥያቄው ያበቃል። እሱም ከሰልፈኛው ጋር አብሮ የተቸገረ ሰው ይሆናል።

ይህን አንብቤ ቁጭ አልኩ። ገጹ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቃሉ ማንንም ሳይከስ መጥፎ ወሬ ያደርሳል። እዚህ ዳር በየቀኑ መጥፎ ወሬ የሚያደርስ ሰው ብዙ ነው፦ ዘበኛው ስለ ውኃ፣ ባለሱቁ ስለ ስኳር፣ ረዳቱ ስለ መኪና። ሁሉም ስድብ ሳይጠጡ ማምሸት አለባቸው።

29. ቁጥር 28ን በአንድ ነገር አረመው፤ የአማርኛ ተናጋሪ ብቻ አታድርገው አለ። ኮዬ ፈጬ ገበያ ላይ አትክልት የሚሸጡ እናቶች ከደንበኛቸው ጋር በኦሮምኛ እያወሩ፣ ቲማቲም ሲያልቅ ይቺን ሁለት ቃል በአማርኛዋ መሀል ላይ ጣል ያደርጓታል። ወዲያው በኦሮምኛቸው ይቀጥላሉ። ቃሉ ቋንቋ ተሻግሯል ማለት ነው። ይኼም መጻፍ ያለበት ይመስለኛል፤ እንደ መምህሩ ምክር ቀንና ቦታ ከተያዘለት።

30. ደግሞ ጭቅጭቅ። ስሙን ለማስጠራት ነው የሚለፋው ብሎ እኔን አነሳ። ሥራ ፈት ሁሉ ውክፔዲያ ላይ ወጣ አለ። ውክፔዲያ ላይ የጸሐፊ ስም በገጹ ላይ እንደማይወጣ እንኳን አያውቅም።

31. ይኼኛው የኔ ነው። ለ30 መልስ አልሰጠሁም። ገጹ ቢኖር ምን እንደሚይዝ ጻፍኩ። መጀመሪያ ሦስቱን አገልግሎት ይለያል፦ ዕቃ ሲጠፋ፣ ሰው ሲጠፋ፣ እምቢ ሲባል። ቀጥሎ በኅትመት የታየባቸውን ቦታዎች በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከዚያ ማን ለማን እንደሚለው ይጽፋል። ለአለቃ አይባልም፣ ለቅሶ ቤት አይባልም፣ ማመልከቻ ላይ አይጻፍም። መነሻው ላይ ዝም ይላል። ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

32. በአማርኛው ውክፔዲያ ለዓመታት ያረመ ሰው ተናገረ። ድምፁ የደከመ ነው፤ አልፈርድበትም። ያለን መጣጥፍ 15 ሺህ ገደማ ነው አለ። ብዙው ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ጸሐፊው በጣት የሚቆጠር ነው። በዚህ ሁኔታ ለአንድ አባባል ገጽ መክፈት ጠባቂ የሌለው ቤት መሥራት ነው፤ በማግስቱ አንዱ ገብቶ የጓደኛውን ስም ይጽፍበታል። መጀመሪያ ስለ አዲስ አበባ የመንገድ ቋንቋ አንድ ጠንካራ ገጽ ይሠራ፣ «ወፍ የለም» እዚያ ውስጥ ንዑስ ክፍል ይሁን። ክፍሉ ሲወፍር ያኔ ወጥቶ ራሱን ይችላል።

33. 19 ተመልሳ መጣችና ለ32 ሐሳብ ምንጭ አቀበለች። አንድሪያ ሆሊንግተን የተባለች የቋንቋ ተመራማሪ በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ወጣቶችና «የአራዳ ቋንቋ» ላይ ጥናት አሳትማለች። ገለልተኛ ናት፣ በሙያ መጽሔት ላይ ነው የወጣው። የቁጥር 3ን ደንብ ያሟላል። እዚህ ላይ ቁጥር 3 ራሱ መጥቶ እጁን ሰጠ፤ ለሰፊው ገጽ ማለቱ ነው፣ ለኔዋ አይደለም።

34. ስሙ ላይ ተነሳ። ገጹ «የአራዳ ቋንቋ» ከተባለ የቁጥር 11 ወሬ በመዝገብ ጸደቀ ማለት ነው አለ ከጀሞ። ቁጥር 12 አብሮት ቆመ። እኔ በዚህ ብዙ አልተቆረቆርኩም። ጥናቱ የጠራውን ስም ይዞ፣ ከሥሩ ዛሬ የት የት እንደሚነገር መጻፍ ይቻላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጋራ ገጽ ሲከፈት የቃላት ዝርዝር ሆኖ ነው የሚቀረው፤ ነቄ፣ ጨላ፣ ጀለስ፣ ላሽ፣ በየመስመሩ ፍቺ። የ28ቱ ተራ አስከባሪ በዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ አሁንም የራሱ ገጽ ባይ ነኝ። ግን መጀመሪያ የ32ን መንገድ መሄድ እንደሚሻል ተቀብያለሁ፤ ሠራተኛው እሱ ነውና።

35፣ 36 እና 37. ስለ ውኃ ፈረቃ። ሦስቱም አንድ ብሎክ የሚኖሩ ሆነው ተገኙ። ኮሚቴው ስለ ሮቶ ያዋጡትን ብር የት አደረሰው የሚል ነገር ነው። በውስጥ መስመር ተነጋገሩ ተባሉ።

38. ኅትመት ብቻ ለምን አላችሁ፣ የተቀዳ ነገርስ ብሎ ጠየቀ። የኤፍ ኤም ጣቢያ ስቱዲዮ ሠርቷል። ቀኑ የታወቀ የስርጭት ቅጂ በምንጭነት ሊጠቀስ ይችላል፤ ችግሩ አሮጌ ቅጂ የሚያቆይ ጣቢያ ማግኘት ነው አለ። ብዙ ጊዜ ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር ይቀዳበታል። 32 ቅጂው ለሌላ ሰው የሚገኝ ከሆነ ብቻ እቀበላለሁ ብሎ መለሰለት።

39. ከጀሞ የምትጽፍ ሴት፣ ነገሩን ወደ መሬት አወረደችው። ባለቤቷ በ1980ዎቹ መጨረሻ የሚወጡ የግል መጽሔቶችን እየገዛ በዓመት በዓመት በሲባጎ አስሮ ያስቀምጥ ነበር። አሁን በአልጋ ሥር በሦስት ካርቶን ናቸው። አይጥ የነካው አለ፣ ግን ሽፋናቸው ደህና ነው። ቤት ልትቀይር ስለሆነ ወይ ለሱቅ መጠቅለያ ልትሰጣቸው ነው፣ ወይ የሚፈልግ መጥቶ ይያቸው ብላለች። ወመዘክር ድረስ መሄድ ለማይመቸው ሰው ይቺ ሎተሪ ናት።

40. ለመጠቅለያ እንዳትሰጪ ብለው የጻፉትን ሁሉ አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ከነሱ መሀል መምህሩም አሉበት፤ ልጄ በእግዚአብሔር ብለው ነው የጀመሩት።

41. 6፣ 19፣ 28 እና እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀሞ ለመገናኘት ተስማማን። 28 መኪና ያለው ወዳጁን ይዞ ይመጣል፣ የነዳጅ እንካፈላለን። 32 ራሱ አይመጣም፣ መመሪያ ግን ሰጥቶናል። ቃሉ የተገኘበትን ገጽ ብቻ ፎቶ ብታነሱ አይረባኝም ይላል። ሽፋኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቁጥሩንና የገጽ ቁጥሩን አብራችሁ አንሱ። መምጣት የሚፈልግ ሰው ካለ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ይጻፍ፣ ለአቧራውም አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይያዝ።